የማይታጠበው ስፖንጅ

ስፖንጁ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ነበር። በልጅቷ የትምህርት ቤት ሸሚዝና በታናሽ እህቷ ካልሲዎች መካከል በመቆንጠጫ ተይዞ ይንጠባጠባል። ጠዋት ጭቃ የመሰለ ቡናማ ነገር ነበር። አሁን ከፋብሪካ እንደወጣ ቢጫ ሆኗል።

ልጅቷ ባዶ ባልዲ እንዳንጠለጠለች ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አየሽው?» አለች እናቷ ከውስጥ። «መታጠቢያ ቤት ሳህን ውስጥ ዘፍዝፈሽ ረስተሽዋል። ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው እሱ? በረኪናው ብቻውን አልቻለውም። በፈላ ውሃ ነው ያሸነፍኩት።»

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ፊቷ ላይ ልጅቷ ከቀብሩ ወዲህ ያላየችው ነገር ነበር፤ ሥራውን ጨርሶ ቀና ያለ ሰው ፊት።

«አመሰግናለሁ እማዬ» አለች ልጅቷ።

አባቷ ከሞተ ጀምሮ እናቷ ያልታጠበ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም። መጋረጃው ታጥቧል፤ የሶፋው ልብስ ታጥቧል፤ የተጣጠፈው ብርድ ልብስ ሳይቀር ተፈትቶ ታጥቧል። የአባቷ ኮትም ታጥቦና ተተኩሶ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተመልሶ ተሰቅሏል። ልጅቷ አንድ ቀን ፊቷን ቀብራበት ስታሸተው ሳሙና ሳሙና አላት። ከዚያ ወዲህ ያንን የቁም ሳጥን በር አልከፈተችውም።

አሁን ደግሞ ስፖንጁ።

አባቷ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ጸጉር ቤቱ ውስጥ፣ በመስታወቶቹ መሃል፣ ትልቅ አኳሪየም ነበረው። ተራ የሚጠብቅ ሰው ዓሣዎቹን ያያል፤ ጸጉሩን የሚቆረጥ ሕፃንም ባለ ብዙ እግር ጥቃቅኖቹን ሽሪምፖች ሲቆጥር ማልቀሱን ይረሳል። አባቷ ከመታመሙ በፊት «ለቤታችን ደግሞ ትንሽ እንሠራለን፤ አንቺ ነሽ የምትሠሪው» ብሏት፣ ውሃ የሚያጣራ አንድ አዲስ ስፖንጅ ትልቁ አኳሪየም ውስጥ ከአሮጌው ጎን አስቀምጦ ነበር።

«አሁን ለምን ታስቀምጠዋለህ? እቤት ያለው የመስታወት ሳጥን ገና ባዶ ነው» ብላው ነበር።

«እዚህ ይሰንብት። የቧንቧ ውሃ ጥሬ ነው፤ ያለ እሳት መብሰል አለበት። የሚያበስለው ደግሞ ይሄ ቡናማ ነገር ነው። ቆሻሻ እንዳይመስልሽ፤ እርሾ በይው። ዓሣ የሚጥለውን መርዝ እየበላ የሚያጠፋ፣ ዓይን የማያየው ፍጥረት ነው የሚኖርበት። እርሾውን ከገደልሽ ውሃው እንደ መስታወት ጠርቶ ይታይሻል፤ ዓሣዎቹ ግን ያልቃሉ።»

ከዚያ ሆስፒታል ገባ። ስፖንጁ ሲቦካ ከረመ።

ትንሹን አኳሪየም የሠራችው ብቻዋን ነው። ጠጠሩን ውሃው እስኪጠራ አጠበችው። ከታች ጥቁሩን የተክል አፈር ደለደለች፤ ከላይ ጠጠሩን አለበሰችው። እንደ ሱፍ የለሰለሰውን የውሃ ተክል በስፌት ክር ከእንጨት ቁራጭ ጋር አሰረች። ቀጫጭኖቹን ተክሎች በአባቷ ወረንጦ አንድ በአንድ ተከለች፤ ሁለቱ እየተነቀሉ ሲንሳፈፉ መልሳ ተከለቻቸው። ውሃውን በባልዲ አሳድራ ክሎሪኑ ከወጣ በኋላ፣ አፈሩ እንዳይናድ ሳህን ላይ እያፈሰሰች ሞላችው። የቀረው ስፖንጁን ከአየር ፓምፑ ጋር ማያያዝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከጸጉር ቤቱ አምጥታ በራሱ ውሃ ሳህን ውስጥ አስቀመጠችው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልታስገባው።

«ሽሪምፖቹ ዛሬ ይመጣሉ አይደል?» አለች እናቷ። «ሶፋውን አዙሬዋለሁ። ስቀመጥ ፊት ለፊት እንዲታዩኝ። ትንሽ የሚንቀሳቀስ ነገር ይኑር እዚህ ቤት።»

ታናሽ እህቷ ጉንጬ ከሶፋው ጀርባ ብቅ አለች። ስሟ ሌላ ነው፤ ጉንጯን ያየ ሰው ግን ስሟን አይጠይቅም። «መምጣትማ ይመጣሉ። ለክፍል ልጆች በሙሉ ነግሬያቸዋለሁ። እርጉዟ ትምጣ በመጀመሪያ።»

እርጉዟ የምትላት እንቁላሏን ሆዷ ስር አቅፋ በእግሮቿ የምታራግበውን ቀይዋን ሽሪምፕ ነው።

«ውሃው ገና ቢሆንስ?» አለች ልጅቷ።

«ውሃ ውሃ ነው። ደግሞ አሁን ስፖንጁ ንጹሕ ነው። ካልመጡ ሼም ነው የምገባው።»

መቆየት አይቻልም ነበር። ጸጉር ቤቱ ዛሬ ይለቀቃል። አከራዩ ቤቱን ለልብስ ሰፊ ሰጥቶታል፤ የስፌት መኪናዎቹም ነገ ይገባሉ። ልጅቷ ባልዲዋንና ክዳን ያለው የመስታወት ዕቃ ይዛ ወጣች።

ጸጉር ቤቱ ውስጥ መላጣው ነበር። ከአባቷ ጋር ለዓመታት ጎን ለጎን የሠራ ሰው ነው፤ ጸጉር አስተካካይ ሆኖ መላጣ። ደንበኛ ሁሉ በዚህ ይቀልድበታል፤ እሱም «ጸጉሬን ለእናንተ አከፋፍዬ ጨርሼ ነው» እያለ ይመልሳል። ልጅቷ ግን ከእሱ ጋር መነጋገር ካቆመች ሰንብታለች። ቀብሩ በቅጡ ሳይርቅ የአባቷን ወንበር በእጅ ጋሪ ጭኖ፣ በዋናው መንገድ ወደ አዲሱ ጸጉር ቤቱ ሲገፋው አይታዋለች። እናቷ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ብላታለች። ይህ ግን ለልጅቷ ምንም አልለወጠላትም። ሽሪምፖቹን ለመመገብ የምትመጣው እሱ ሳይገባ በማለዳ ነበር።

«መጣሽ፣ አለቃ» አለ መላጣው መስታወቱን የያዘውን ብሎን እየፈታ።

አለቃ የሚላት አባቷ ነበር። ትንሽ እያለች ጥግ ላይ ተቀምጣ «ከጆሮው በላይ ቀንስለት» እያለች ታዝ ስለነበር። አሁን ቤት ውስጥ ማንም አይላትም።

«ሽሪምፖቹን ልወስድ ነው» አለች።

«ውሰጂያቸዋ። ያንቺ አይደሉ። ትልልቆቹ ዓሣዎች ከእኔ ጋር ይሄዳሉ፤ ከእናትሽ ጋር ተነጋግረናል።» በካቻቪቴው ወደ አኳሪየሙ ጠቆመ። «እግረ መንገድሽን ያንን ቡናማ ነገርም ውሰጂልኝ። ደንበኛ ሁሉ ‹ምንድን ነው ይሄ የበሰበሰ?› እያለ ፊቴን ያሳጣኛል። እኔ አዲስ አስገባለሁ፤ ሰማያዊ አይቻለሁ፣ ያምራል።»

ልጅቷ አሮጌውን ስፖንጅ አየችው። ጥጉ ላይ አረፋ እየተፋ ቆሟል። ዓመታት የቦካ ነው።

ይህን ይዛ ብትሄድ ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ሽሪምፖቹ ዛሬ ይገባሉ። እናቷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች፤ ምን እንዳጠበችም መቼም ማወቅ የለባትም። የመላጣው ዓሣዎች ግን ከአዲሱ ሰማያዊ ስፖንጅ ጋር ጥቂት ቀን ቆይተው አንድ በአንድ ይገለበጣሉ። እሱም «መንገዱ ነው፣ ተጨናንቀው ነው» ይላል። ማን ያውቃል? ደግሞ ውሰጂው ያላት እሱ ራሱ ነው። ወንበሩን የወሰደውስ እሱ አይደለም?

እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ስፖንጁን አወጣች። በመስታወቱ ዕቃ ውስጥ ከራሱ ውሃ ጋር አድርጋ ክዳኑን አጠበቀች። ከዚያ መረቡን አንስታ ሽሪምፖቹን ማሳደድ ጀመረች። እርጉዟ ከእንጨቱ ስር ገብታ እምቢ አለች።

መላጣው መስታወቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ባዶ ባልዲዎች ይደረድር ጀመር።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለች፤ ሳታስበው ነው የጠየቀችው።

«ለውሃው ነው። አንድ ጠብታ አልደፋም፤ በጋሪ እየተመላለስኩ ሁሉንም ነው የምወስደው። የዛሬ ወገቤን አታንሺው።» አንገቱን አሸት አደረገ። «አባትሽ ‹ውሃውን ሁሉ እንዳትደፋ› ይለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እሱ ካለ እሱ ያውቃል ብዬ። አሁን ማንን ልጠይቅ? እንዲሁ እሸከመዋለሁ።»

ልጅቷ ከመረቡ ቀና ብላ ባልዲዎቹን አየች። ሰውዬው ያንን ሁሉ ባልዲ ተሸክሞ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ ሕይወት የሌለበትን ውሃ ሊያደርስ ነው። ሕይወት ያለበት እሷ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ክዳኑም ጠብቋል።

«ውሃው ውስጥ አይደለም ያለው» አለች።

«ምኑ?»

«እርሾው።» ዕቃውን አንስታ አሳየችው። «ያለው እዚህ ነው። ይሄን ከወሰድኩት ዓሣዎችህ ይሞታሉ።»

መላጣው ስፖንጁን አየ፤ እሷን አየ። «ታዲያ ልትወስጂው አልነበር እንዴ?»

«ነበር።»

የሚቆጣ መስሏት ነበር። እሱ ግን ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበትና «ያንቺስ ታዲያ? ሌላ አልነበረሽም?» አላት።

«እማዬ አጠበችው። በበረኪና።»

መላጣው ሊስቅ ጀመረና ተወው። «እሷ ቤት የገባ ነገር መቼ ሳይታጠብ ወጥቶ ያውቃል። ለቅሶ የመጣሁ ቀን ኮፍያዬን አጥባ ነው የመለሰችልኝ።»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ስፖንጁን አወጣችና መዳፏ ላይ አገላበጠችው። ሁለት ቦታ ቢከፈልስ? ግማሹ ለእሱ ትልልቅ ዓሣዎች፣ ምግብ እየተቀነሰላቸው ከቆዩ፣ እንደምንም ይበቃል። በግማሹ ደግሞ ጥቂት ሽሪምፕ ማስጀመር ይቻላል። ጠረጴዛው ላይ የአባቷ የቆዳ ማኅደር ነበር፤ መቀሱን ልታወጣ እጇን ሰደደች።

«በሱ አይሆንም» አለ መላጣው። እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሯት አያውቅም። ተነስቶ ማኅደሩን ከእጇ ስር አራቀው። «የጸጉር መቀስ ከጸጉር ሌላ አይነካም። አንዴ ወረቀት ስቆርጥበት ይዞኝ ቀኑን ሙሉ ወለል አስጠርጎኛል አባትሽ። ቆይ፣ ከጎረቤት ቢላ ላምጣ።»

ዳቦ ቤቱ ሄዶ ጥርስ ያለው ቢላ ይዞ መጣ። ስፖንጁን እሱ ያዘ፤ እሷ ቆረጠች። ቡናማው ውሃ ጣቶቻቸው መሃል ወረደ።

«ወንበሩ ላይ ማን ነው የሚቀመጠው?» አለች ሳታየው።

«የአባትሽ ደንበኞች። እኔ የራሴ ላይ ተቀመጡ እላቸዋለሁ፤ ማን ሰምቶኝ፣ ቀጥ ብለው ሄደው እሱ ላይ ነው። ልማድ ነው።» ቢላውን በጨርቅ ጠረገ። «መጥተሽ እይው። ደጁ ክፍት ነው።»

ልጅቷ ግማሹን ስፖንጅ ወደ ቦታው መለሰች። ከያዘቻቸው ሽሪምፖችም አብዛኞቹን መልሳ ለቀቀቻቸው። ባልዲዋ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ትንንሾች ናቸው። እርጉዟን አልነካቻትም።

«እርጉዟ እዚህ ትቆይ፤ የእኔ ውሃ እስኪደርስ» አለች። «ቅዳሜ መጥቼ አያታለሁ። ምግብ ቆጥብላቸው፤ አንተ ደግሞ እጅህ ለጋስ ነው።»

«እሺ አለቃ» አለ መላጣው።

ባልዲዋን አነሳች።

ቤት ስትደርስ ጉንጬ ባልዲው ላይ ተደፍታ ቆጠረች። «እነዚህ ብቻ? እርጉዟስ?»

«ውሃው ሲደርስ ትመጣለች።»

«የምን መድረስ ነው? አውቶቡስ ነው እንዴ?»

ልጅቷ ከአኳሪየሙ ውሃ በኩባያ እየቀዳች፣ ሽሪምፖቹ እንዳይደነግጡ በየመሃሉ ቆም እያለች ባልዲው ውስጥ ጨመረች። ግማሹን ስፖንጅ ከፓምፑ ጋር ልታያይዝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወዲያው የእናቷ እጅ ደረሰበት።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ? አምጪው፣ ውሃው ገና ትኩስ ነው።»

አዲስ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ቀለሙ እንዲህ ነው ማለትም ይቻላል። ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች። ጣቶቿ በበረኪና ተጨማድደው ነጭ ሆነዋል።

«እማዬ፣ ይሄ አይታጠብም። እርሾ ነው። አባዬ እንደዚያ ነበር የሚለው። ውሃውን የሚያበስለው እሱ ነው፤ ከታጠበ ይሞታል።»

እናቷ እጇን አልሳበችም። በመስኮቱ አሻግራ ገመዱን አየች።

«ያኛውስ?»

«ያኛውም እርሾ ነበር። አባዬ ነው ለቤት ብሎ ያስቀመጠው።»

እናቷ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ባዞረችው ሶፋ ላይ።

«እርሾ በፈላ ውሃ አጠብኩ በይኛ» አለች በመጨረሻ።

«በበረኪናም።»

«በበረኪናም።» ከአፏ የወጣው ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየለትም። «ቅድም ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ደስ ብሎሽ ነበር።»

እናቷ ተነሳችና ወደ ደጅ ወጣች። ስፖንጁን ከገመዱ ፈትታ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ልጅቷም ተከትላት ወጣች።

«ገና ይሸታል» አለች እናቷ።

«ሽታው ሲለቀው ወደ መላጣው እወስደዋለሁ። እዚያ ከዓሣዎቹ ጋር ከሰነበተ እርሾው እንደገና ይይዝለታል።»

«አንቺ? መላጣው ጋ?»

«ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

እናቷ ወደ ቧንቧው ሄደች። ስፖንጁን በውሃ ብቻ፣ ያለ ሳሙና፣ ደጋግማ አለቀለቀችውና መልሳ ሰቀለችው። በማግስቱ ልብስ ስታሰጣ አንሶላውን ወደ አንድ ጎን ሰብስባ፣ ፀሐይ እንዲያገኘው ቦታ ተወችለት።