ሁለት ሴንሰር በአንድ ቦይለር

ኑሀሚን «ለምን?» ሳትል የዋለችበት ቀን ቢኖር ታማ የተኛችበት ቀን ብቻ ነው። በሕፃንነቷ እናቷን አሰልችታለች፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ መምህራኗን። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ከሜልቦርን ዳር ክሬጊበርን ያለው የጭማቂ ፋብሪካ በኢንጂነርነት ሲቀጥራት ደግሞ ተራው የጋሽ ኢሳያስ ሆነ። ጋሽ ኢሳያስ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጠው የቦይለር ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ ከእንፋሎቱ አጠገብ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ ነገርን በቀልድ የሚያዋዙ ሰው። «አንቺ ልጅ፣ ጥያቄሽ ከዚህ እንፋሎት ይበዛል» ይሏታል። ይበሉ እንጂ ሳይመልሱላት ቀርተው አያውቁም።

ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ላይ አለቃዋ አንድ ሥራ ሰጣት። ለማሸጊያ ማሽኖቹ አየር የሚገፋው የፋብሪካው የአየር መጭመቂያ ያለ ዕረፍት ሲያጓራ ይውላል፤ የቦይለሩ ግፊት የሚነበበው ደግሞ መስታወቱ በደበዘዘ አሮጌ ጌጅ፣ ባለ ቀስት መለኪያ ነው። ግፊቱን በትክክል የሚለኩ አዳዲስ ሴንሰሮች ይመረጡ፣ ኃይል ይቆጠብ፣ ሰውም ከአደጋ ይጠበቅ ተባለ። ምርጫው የኑሀሚን ሆነ። በሥራ ዘመኗ የመጀመሪያው ትልቅ ውሳኔ ነበርና እንቅልፍ ነሳት።

ሻጮች መጡ። የመጀመሪያው ረጅም አውስትራሊያዊ ነው፤ የእሱ ሴንሰር ለውሃም፣ ለአየርም፣ ለእንፋሎትም እንደሚሆን አፉን ሞልቶ ተናገረና ናሙና ትቶ ሄደ። ሁለተኛው ካርዱን ሲሰጣት ስሙን አነበበችና ቀና አለች። ልዑልሰገድ ይላል።

እሱም ደረቷ ላይ ያለውን ባጅ አንብቧል። ተያዩ። አለቃዋ አጠገባቸው ስለነበር ስብሰባው በእንግሊዝኛ ተጀምሮ በእንግሊዝኛ አለቀ። ያ መተያየት ግን እንደ ልጆች ምስጢር ውስጥ ውስጡን አሳቃት።

ከሁሉ የገረማት ሰውየው እንደ ሌሎቹ ዕቃውን በማወደስ አለመጀመሩ ነው። በጥያቄ ጀመረ። አየሩ የመጨረሻው ማሸጊያ ማሽን ዘንድ ሲደርስ ግፊቱ ስንት ነው አለ። የሚያውቅ ጠፋ። ጫፉ ላይ ያለውን ስለማታውቁ መነሻው ላይ ዝም ብላችሁ ታበዛላችሁ፣ ኃይላችሁ የሚባክነው እዚያ ላይ ነው አላቸው። ኑሀሚን እንደ እሷ የሚጠይቅ ሰው አግኝታ አታውቅምና ከልቧ ደስ አላት።

መኪናው ድረስ ሸኘችው።

«አማርኛ ትችያለሽ አይደል?» አላት የመኪናውን በር ከፍቶ ከቆመ በኋላ።

«እስካሁን ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ፈራኋ። አለቃሽ ፊት በአማርኛ ካወራሁ ሴንሰር ሳይሆን የሀገር ልጅነት የምሸጥ እመስላለሁ።»

ሁለቱ ናሙናዎች ጎን ለጎን ቦይለሩ ላይ ታሰሩ። ልዑልሰገድ ሙከራውን ለማየት ይመላለስ ጀመር፤ ኑሀሚን ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል። ለምን እንፋሎቱ ሴንሰሩን በቀጥታ እንዳይነካው ቧንቧው ይጠመዘዛል? ጥምዝምዙ ውስጥ ውሃ ይተኛል፤ ሙቀቱን ያ ውሃ ይቀበልለታል። ለምን በጣም ከፍተኛ ግፊት የሚለካውን ገዝቶ መገላገል አይቻልም? «ጆንያ በሚመዘንበት ሚዛን ሻይ ቅጠል አትመዝኚም፤ ትንሿን ለውጥ አያይልሽም» አላት። ጋሽ ኢሳያስ በሩ ላይ ቆመው ያዳምጧቸውና ሻያቸውን ይዘው ፈገግ እያሉ ይመለሳሉ።

አንድ ቀን መኪናዬ ጋራዥ ገባ አለና በባቡር አብረው ተመለሱ። እሷ ኖርዝ ሜልቦርን ከአክስቷ ጋር ትኖራለች፤ እሱም ከእነሱ ሕንፃ ብዙም ሳይርቅ ተከራይቶ ነበር። ብሮድሜዶስ ጣቢያን ሲያልፉ ስለ ሴንሰር የሚያወሩት አለቀና ስለ ልጅነታቸው አወሩ፤ ከዚያ ያም አለቀና መስኮቱን አዩ። መስኮቱ ላይ ደግሞ የሚታየው የእርስ በርሳቸው ፊት ነበር። በሳምንቱም መኪናው ጋራዥ ነበር። በሚቀጥለውም። ይህን ያህል ጊዜ ጋራዥ የሚውል መኪና ምን ዓይነት መኪና እንደሆነ ኑሀሚን አልጠየቀችም።

አክስቷ እታለም ግን ዓይናቸው ንቁ ነው። ስልክ ይዛ ስትስቅ አይተው ማን እንደሆነ ጠየቋት፤ እሷም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«ጥሩ ልጅ ይሆናል፣ አላውቅም» አሉ እታለም የሥራ ልብሳቸውን እያጣጠፉ። «ግን እሱ ሻጭ ነው፣ አንቺ ገዢ ነሽ። ነገ ለሀገሯ ልጅ አደላች ሲሉሽ ምን ትመልሻለሽ?»

ነገሩ እንደ እሾህ ተሰክቶባት አደረ። ለካስ በደስታዋ ውስጥ ይህን አንድም ቀን አላሰበችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሉኝታ ያዛት። ስልኩን አላነሳ አለች፤ ቀደም ባለው ባቡር ትሄድ ጀመር። እንደማታደላ ለማሳየት ስትል ጭራሽ ወደ ሌላው አደላች። ሙከራውን በወጉ ሳትመረምር፣ ለአየሩም ለቦይለሩም የአውስትራሊያዊው ሴንሰር ይገዛ ብላ ጻፈች። ያኛውም ይሠራል እያለች ራሷን አጽናናች። ሰነዱን ሰኞ ለአለቃዋ ልትሰጥ ነው።

ቦይለሩ ከዓርብ ጀምሮ ለጽዳት ጠፍቶ፣ ተከፍቶ፣ ቀዝቅዞ ነበር። ሰኞ ጠዋት ገና ከመግባቷ ጋሽ ኢሳያስ ጠሯት።

«ነይ እስቲ። ለምን የምትይው ነገር አግኝቼልሻለሁ።»

የልዑልሰገድ ሴንሰር ዜሮ ይላል። የሌላው ከዜሮ በታች ያነባል። ኑሀሚን ጎንበስ ብላ አየች፤ ነካ ነካ አደረገችው፤ ደግማ አየች። ቦይለሩ ክፍት ነው፤ ውስጡ ምንም ግፊት የለም። ከምንም በታች ደግሞ ምን አለ?

መልሱ ገባት። ጥምዝምዙ ውስጥ ያለው ውሃ ያልያዘው ሙቀት ሴንሰሩን ከልኩ አውርዶታል። ባዶውን ከባዶ በታች የሚያነብ፣ የሞላውንም አጉድሎ ያነባል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ እሱ ሰላም ነው እያለ ይቀመጣል። ግፊት ሲበዛ ራሱ ተከፍቶ የሚያስተነፍሰው የደህንነት ቫልቭ እንዳለ ታውቃለች፤ ግን ያ የመጨረሻው ጠባቂ ነው፣ እሱ ላይ ብቻ ሰው አይጣልም። ጋሽ ኢሳያስ የቦይለሩን ጎን ተደግፈው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ሰነዱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ወጥታ ደወለች።

«የእነሱ ሴንሰር ይህን ሙቀት እንደማይችል ታውቅ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር» አላት ልዑልሰገድ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«የሰው ዕቃ ማጣጣል ነውር መሰለኝ። ኋላ ደግሞ አንቺ ራቅሽኝ፤ ብደውል ሽያጭ የምለምን እመስላለሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት።»

«ቦይለር ክፍል ውስጥ ይነቅዛል፣ ልዑል» አለችው። «ጋሽ ኢሳያስን ልናስጨርሳቸው ነበር። አንተ ብቻ አይደለህም፣ እኔም ነኝ። ያንተን የጣልኩት መጥፎ ስለሆነ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

በሕይወቷ ሙሉ ስትጠይቅ የኖረችውን ጥያቄ ሌላ ሰው ጠየቃት። ስልኩን ዘጋችው።

ሰነዱን ቀድዳ ጣለችና አለቃዋ ቢሮ ገባች። ስለ ንባቡ ነገረችው። ከዚያ ከአንደኛው ሻጭ ጋር መቀራረቧንና ከአሁን በኋላ ሙከራውን ሌላ ሰው ቢሠራው እንደሚሻል ነገረችው። ይሄማ በመጀመሪያው ቀን መነገር ነበረበት ብሎ ገሠጻት፤ ግን ክፉ አልሆነባትም። የጥገና ክፍሉ ሙከራውን ከአዲስ ደገመው። ውጤቱ ያው ሆነ። ለቦይለሩ የልዑልሰገድ ተመረጠ። የአውስትራሊያዊው ደግሞ ሙቀት በሌለበት በአየሩ መስመር ጎበዝ ሆኖ ተገኘ። በመስመሩ ጫፍ ላይ ሲተከል አየሩን የሚያፍነው አንድ የተደፈነ ማጣሪያ መሆኑ ታወቀ፤ ማጣሪያው ሲቀየር መጭመቂያው ማጓራቱን ቀነሰ።

ሴንሰሩ በሚተከልበት ቀን ከልዑልሰገድ ድርጅት የመጣው ሌላ ሰው ነበር። ልዑልሰገድ ይህን ደንበኛ ለሌላ አስተላልፉልኝ ብሎ ራሱ ለምኗል አሏት። ሥራው አለቀ፣ እኔም ከነሥራው ተረሳሁ ስትል አሰበች። ቀኑን ሙሉ የምትሠራው አልጥም አላት።

ማታ ባቡር ጣቢያው ስትደርስ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

አጠገቡ ቁጭ አለች።

«መኪናህ አሁንም ጋራዥ ነው?»

«መኪናዬ ጤነኛ ነው። ጋራዥ ገብቶም አያውቅም።»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«መጀመሪያ የእኔን ‹ለምን› መልሺልኝ። ስልኩን ዘግተሽብኛል። አሁን ደግሞ ሻጭሽ አይደለሁም፤ ደብዳቤ ጽፌ ከእናንተ ፋብሪካ ሥራ ወጥቻለሁ።»

ይሉኝታዋ እንደልማዱ መጣ። ቀዝቃዛው ቦይለር ላይ ያየችው ያ ጎደሎ ንባብ ትዝ አላት። ያላትን አጉድላ ማሳየት አንድ ጊዜ ይበቃታል።

«ስለወደድኩህ ነው» አለችው። «ሰው ያውቅብኛል ብዬ ነው ያንተን የጣልኩት።»

ልዑልሰገድ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ዓይኑ ውስጥ የነበረው ጭንቀት ሲለቅ በግልጽ ይታይ ነበር።

«እኔም መኪናዬን ቤት እየተውኩ የመጣሁት ለዚሁ ነው» አላት። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እወድሻለሁ።»

ባቡሩ መጣ። በሮቹ ተከፈቱ፣ ተዘጉ፣ ሄደ።

«አክስቴ ለምን አመሸሽ ይሉኛል» አለች ኑሀሚን።

«ምን ትያቸዋለሽ?»

«እንደሆነው እነግራቸዋለሁ።»

እጇን ያዘ። የሚቀጥለው ባቡር እስኪመጣ ድረስ ኑሀሚን አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም።