የሐምራዊው ጊታር ጀርባ

አባቷን ሞተው ያገኘቻቸው እሷ ናት። ጧት የጊታር መሥሪያቸውን በር ስትከፍት ሽማግሌው ከጠረጴዛው ሥር በደረታቸው ተደፍተዋል፤ ማጅራታቸው ተመትቷል። አልጮኸችም። መብራቱን አበራች፣ ቁልፉን ቦታው ላይ ሰቀለች፣ ከዚያ ፖሊስ ጠራች።

ፖሊስም ወንድሟን ወሰደው። ዋዜማውን ከአባቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ጭቅጭቁ ግን ዕድሜ ጠገብ ነው። አባት የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ የሚያሞቀው ከሩቅ አገር የሚመጣው እንጨት ነው ይላሉ፤ ልጅ ደግሞ ድምፁ ከክሮቹ ሥር የተገጠመው ማግኔት ሥራ ነው፣ እንጨቱ ለዓይን ነው ይላል። በዚህ ሰው የሚሞት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ድሮ ባለቁ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን ፈራች፤ ፍርሃቱም ቢሆን የሌላ ሰው ይመስላት ነበር።

ከቀብር በኋላ እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል አንድ መርማሪ መጣ። ሁሉንም ለየብቻ አነጋገረ። ከአባቷ ጋር እንጨት ሲሰነጥቁ ያረጁት ሸሪካቸው፣ በዚያው ሰሞን አንድ ደንበኛ ተናዶ መምጣቱን ነገሩት፤ እንጨቱ በተፈጥሮው ጥቁር ነው ተብሎ በውድ የገዛው ጊታር ሲጫር ውስጡ ነጭ ሆኖ ተገኝቷል። ሻጩ ባሏ ነበር። ባሏ አፈ ጮሌ ነው፤ መጋዝ ሳይጨብጥ ስለ እያንዳንዱ እንጨት ድምፅ እስኪመሽ ያወራል። መርማሪው እሱን እያዳመጠ ጊታሮቹን በእርጥብ መሐረብ አንድ በአንድ ያብስ ነበር።

በመጨረሻ ሁሉንም ጊታር መሥሪያው ውስጥ ሰበሰባቸው። ወንድሟም እጁ በካቴና ታስሮ መጣ።

መርማሪው ገና ቫርኒሽ ያልተቀባ፣ እንጨቱ በተፈጥሮው ሐምራዊ የሆነ ጊታር አነሣና ጀርባውን አዞረ። አንዱ ቦታ ከሌላው ይጠቁራል። በመሐረቡ ሲያብሰው ጨርቁ ሐምራዊ ሆነ።

«የተመቱት በዚህ ነው። በእንጨቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ የቀረው ደም የእሳቸው መሆኑ ተረጋግጧል። ገዳዩ ደሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ፤ የፋቀውን ደግሞ ቀለም ቀባ። ልጄ፣ ይህ እንጨት ሲፋቅ ምን ይሆናል?» ሲል ወደ እሷ ዞረ።

መልሱ ወዴት እንደሚወስድ ወዲያው ገባት። አባቷን ሞተው ባገኘችበት ዕለት ጧት የባሏ ጥፍር ሥር ሐምራዊ ነበር፤ አይታው ምንም አላሰበችም። የወንድሟን እጆች አየች።

«ቡናማ ይሆናል» አለች።

«ታዲያ ምን ይደረግለታል?»

«ምንም። ብርሃን ላይ ሲሰነብት ሐምራዊነቱ በራሱ ይመለሳል።»

ሽማግሌው ሸሪክ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«እንግዲህ» አለ መርማሪው፣ «ወንድምሽ ቢሆን፣ እኚህ ሸሪካቸውም ቢሆኑ፣ መስኮት ላይ ሰቅለውት ዝም ይሉ ነበር። ወደ ቀለም የሮጠው እንጨቱን ያበላሸ የመሰለው ሰው ነው። ቀለሙም አጠገቡ ነበር፤ ርካሹን እንጨት እየቀባ በሟቹ ስም ይሸጥበታልና። ሟቹ ይህን ደረሱበት፤ ያን ማታም ጠየቁት። ጠርሙሶቹን መኪናው ውስጥ አግኝተናል።»

ማንም ዞሮ ባሏን ማየት አላስፈለገውም። ካቴናው ከወንድሟ እጅ ወጥቶ ወደ እሱ ሄደ። ማልቀስ ፈለገች፤ እንባው አልመጣላትም።

ባሏ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ቤታችንን በገዛ አፍሽ አፈረስሽው» አላት።



«ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ» አለችው፣ «ላንተም እነግርህ ነበር።»