በዳማው ላይ የተላከከ ሞት

ከጥምቀት በፊት በነበረው ሐሙስ ጠዋት፣ ሰቆጣ ዳር በምሳው ግቢ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ምሳው ራሱ፣ ልጁ ትግስት፣ ታላቅ ወንድሙ ወልደ ኢየሱስና ፈረስ ሊሸጥ ከደጋ የወረደው ዓለምነህ። አምስተኛው ደላላው ቅጣው ነበር፤ እሱ ግን ጋጣው ውስጥ ጭንቅላቱ ተመትቶ ሞቶ ተገኝቷል።

ኢንስፔክተር የትናየት ስትደርስ ዳማው ፈረስ ከግራሩ ሥር ታስሯል። ትግስት ከፊቱ ቆማለች። አባቷ ጠመንጃውን ይዞ ዞር እንድትል ይለምናታል።

«ዞር አልልም» አለች። «መጀመሪያ እኔን ይግደሉኝ፣ አባዬ።»

የትናየት ጠመንጃውን ተቀብላ ለአጃቢዋ ሰጠችና ነገሩን ጠየቀች። ፈረሱ የታጨው ለትግስት ነው፤ በጥምቀት ከወንዶቹ ጋር ልትጋልብ ቆርጣለች። ለልጅ የሚገዛ ፈረስ በገዢው ቤት ለሙከራ ያድራል፤ ደላላውም ጠባዩን ሊያይ ጋጣው ውስጥ አብሮት ይተኛል። ጠዋት ምሳው ሲገባ ቅጣው ከፈረሱ ኋላ ወድቆ አገኘው። ሁሉም ፈረሱ ረግጦ ገደለው አሉ።

ዓለምነህ ግን ተቆጣ። ያደረው ገበያው አጠገብ ዘመዶቹ ዘንድ እንደሆነ፣ ልጆቹም በዚህ ፈረስ ጅራት ሲጫወቱ እንዳደጉ ተናገረ። «ነፍሰ ገዳይ አልሸጥሁም፤ ስሙን አታጥፉበት» አለ።

ወልደ ኢየሱስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጩኸት ሰምቶ መምጣቱን፣ ጋጣውንም አለመርገጡን አስረዳ። «የሞተውስ ሞተ» አለ፣ ነጭ ዱላውን ተደግፎ። «ለልጃችን ስንል ይህ እንስሳ ይወገድ።»

የትናየት ጋጣው ገብታ ቁስሉን አየች። ወጥታ ከፈረሱ ኋላ ተንበረከከች፤ ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ከኮቴው በላይ ያለው ፀጉር ዙሪያውን ተጨፍልቋል።

«ማነው የፈታው?»

«እኔ» አለች ትግስት። «ላወጣው ስገባ የኋላ እግሮቹ አንድ ላይ ታስረው ነበር። ነገርኋቸው፤ ለፈረሱ ብላ ትዋሻለች አሉኝ።»

የትናየት አጃቢዋን የግቢውን ዙሪያ እንዲፈትሽ ላከችና ሁሉንም ከግራሩ ሥር ሰበሰበች።

«ልጅቷ አልዋሸችም። አዲስ ፈረስ ወደ ቀድሞ ቤቱ እንዳይኮበልል ደላላው ሲመሽ የኋላ እግሮቹን ያጣምራል፤ የገመዱ ምልክት ይኸው። የተጣመረ እግር አይራገጥም። ጋጣው ጨለማ ስለሆነ ገዳዩ በፈረሱ ሊያላክክ ሲነሳ ገመዱን አላየም። ቁስሉም ረጅምና ጠባብ ነው። ኮቴ እንዲህ አይመታም፤ የዱላ ምት ነው።»

ዓለምነህ ሳይጠየቅ ዱላውን ዘረጋ፤ በቅቤና በጭስ የጠቆረ ነው። የምሳውም እንዲሁ።

«የእርስዎ ግን ገና እርጥብ ነው፣ ጋሼ ወልደ ኢየሱስ። ልጣጩ የተላጠው ዛሬ ነው። የዱሮው የት ሄደ?»

«ጠፋብኝ።»

«ሰው ዱላው ሲጠፋው ይጠይቃል። እርስዎ ማንንም አልጠየቁም። ባዶ እጅዎን ሰው ፊት መቆም ግን አልሆነልዎትም፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ሌላ ቆረጡ።»

አጃቢው ከጋጣው ጀርባ፣ ከቁልቋሉ ውስጥ፣ ደም የነካው ጥቁር ዱላ ይዞ መጣ። ምሳው አየውና ተቀመጠ።

«የአባታችን ዱላ» አለ ወንድሙን እያየ።

ወልደ ኢየሱስ ነጩን ዱላ መሬት ላይ አኖረ። «በማለዳ ገብቼ ፈረሱ ተራጋጭ ነው በልልኝ አልሁት። ለልጅቷ ይሆናታል፣ አልዋሽም አለኝ። ተናደድሁ። ሴት ልጅ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስትጋልብ ምን እንባላለን?»

«ጋለበች ይባላል» አለች ትግስት።

ወልደ ኢየሱስ የዚያኑ ዕለት ታሰረ። የቅጣው አስከሬን ዝቋላ ላሉት ዘመዶቹ ተላከ። በጥምቀት ትግስት ዳማውን ጭና ከወንዶቹ ጋር ጋለበች።