ያልነበረችው ውሽማ

እስቲ መልሱልኝ፤ ሰው ያልሠራውን ክህደት «ሠርቻለሁ» ብሎ የሚያምነው ከምን ሲሸሽ ነው?

ቁልፍ ቀራጩ አንድ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት አፉ ተንጋደደ፣ ቀኝ እጁ ዛለ። እስከ ማታ ተመለሰለት። ሐኪሙም፣ «ቀላል ስትሮክ ናት፤ እጅህ ይሠራል፣ ምላስህ ይሠራል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ አሰናበተው። የከረመ ደም ግፊቱንና ስኳሩን ማን ይከታተል? ሲጋራውንስ? ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቀጥ እንደሚል፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጨዋታ ጠልቶ እንደሚቆዝም ማን ጠየቀ? እነዚህ ሁሉ ተባብረው አእምሮውን ሊበሉት እንደሚችሉ ለሚስቱ ማን ነገራት? ማንም!

ወራት አለፉ። ሰውየው ማምሸት አመጣ። ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው።

«የት ቆየህ?»

«ሥራ በዝቶ።»

«ጎረቤትህ ልብስ ሰፊው ሱቅህን በጊዜ ዘግተህ እንደሄድክ ነገረኝ። ሴት ይዘሃል?»

የሰፈሩን በር ሁሉ በቁልፉ የሚያውቅ ሰው፣ ወደ ቤቴ መግቢያው ጠፋኝ ይበል? ጃጀ ይባል? አንገቱን ደፋ።

«አዎ» አለ።

«ቆንጆ ናት?»

«እንዳንቺ ናት...»

በማግስቱ የበሩን ቁልፍ አስቀየረችው፤ ያውም በተፎካካሪው! ማምሻውን መጥቶ ቢሞክር፣ ቢሞክር፣ የገዛ በሩ እምቢ አለው። «ወደ እሷ ሂድ!» አለችው ከውስጥ፣ እንባዋን እየዋጠች። ሄደ።

ጠዋት አንዲት የማታውቃት ሴት ደወለችላት። «እትዬ፣ ስልክ ቁጥርዎን ከቁልፍ መያዣቸው ላይ አግኝቼ ነው። አንድ አባት ደጃችን አድረዋል። ሲመጡ የመጀመሪያቸው አይደለም፤ ቤቴ ነው እያሉ ቁልፍ ይሞክራሉ።»

ሰፈሩን ስትነግራት ሚስትየው ቤቱን አወቀችው። ሙሽሮች ሳሉ የተከራዩት ቤት ነበር! ለካ ያቺ ውሽማ... እሷው ራሷ ኖራለች፣ በወጣትነቷ!

ደርሳ ስታየው በብርድ ይንቀጠቀጣል። በእጁ ለዚያ በር ብሎ የቀረጸውን አዲስ ቁልፍ ይዟል።

«ተነስ የኔ ጌታ፣ ቤታችን እንሂድ።»

በትሕትና እጁን ሰበሰበ። «ይቅርታ እመቤቴ፤ ሚስቴ ቀናተኛ ናት። ከሴት ጋር ካየችኝ አታስገባኝም።»

ወሰደችው። ዛሬም በየማታው በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ተነስቶ «በሉ ልሂድ፣ ትጠብቀኛለች» ይላታል። ዕጣ ፈንታው ነው ትሉኝ ይሆናል። ዕጣ ፈንታ የደም ግፊት ሳይለካ ሰው ያሰናብታል? አንተ ሐኪም፣ «ቀላል» ያልከው ለማን ነው? ስለ ሚስቱ ሆኜ በሰው ፊት ጠይቄሃለሁ፤ በሰው ፊት መልስላት!