«ልዩ ልዩ»ን የሚበላው አውሬ

በወርዘላ መንግሥት የዓመቱ በጀት ለዙፋኑ በሚቀርብበት ዕለት ማለዳ፣ ከቤተ መንግሥቱ የውኃ ጉድጓድ ወፍራም ድምፅ ወጣ፤ «ጨምሩልኝ» አለ። ውኃ ቀጂዎቹ እንስራቸውን ጥለው ሸሹ። መኳንንቱ ግን ተሰብስበው ምልክቱን ፈቱት፤ ሰማይ የየመሥሪያ ቤታቸው ድርሻ ከፍ እንዲል ፈቅዷል አሉ። ሌላ ትርጉም ከእነሱ የጠበቀም አልነበረም።

ትርንጎ ድምፁን ታውቀዋለች። የበጀት አቅራቢ የሆነችው በዚያው ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት የኮርማ ድልድይ ጠባቂ ሚስት ነበረች። አሁን የማንም ሚስት አይደለችም።

የተናገረው የጉምራ ተራራ አውሬ ነው። ይህ አውሬ ሥጋ አይበላም፤ ቀለቡ በበጀቱ ውስጥ በስሙ ያልተጠራ ነገር ነው። ጤፍ «ጤፍ» ከተባለ አይነካውም። «ልዩ ልዩ» ከተባለ ግን፣ ንጉሡ ማኅተሙን ባሳረፈበት ቅጽበት ከጎተራ ወደ አውሬው ሆድ ይገባል። የጥንት ሰዎች ይህን ቃል የፈጠሩት ለመርፌና ለክር ነበር። በኋላ መኳንንቱ፣ አውሬው በጠገበ ቁጥር የወርቅ ቅርፊት እንደሚያራግፍ ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ቅርፊት መልቀማቸውን አስተዳደር ይሉታል።

ባለፈው ዓመት የኮርማ ጠባቂዎች ስንቅ «ልዩ ልዩ» ተባለ። ጠባቂዎቹ በተራቡበት ጠላት መጣ። አንዱ ብቻውን ድልድዩ ላይ ቆሞ ሌሎቹን አሻገረና ወደቀ፤ የቀብሩ ወጪም «ልዩ ልዩ» ተባለ። ዘንድሮ ደግሞ የቆላው ሕዝብ የዘር እህል በዚያው ቃል ሥር ገብቷል። ማኅተሙ ካረፈበት ቆላው አይዘራም፤ ካልዘራም አይከርምም።

ትርንጎ በዙፋኑ ፊት ቆማ እህሉ በስሙ ይጠራ ስትል፣ በጅሮንድ ሸንጎል፣ ከቅርፊት ለቃሚዎቹ ሁሉ የወፈረው፣ ፈገግ አለ።

«ልጄ፣ ዝርዝር የድሃ ቤት ነገር ነው» አላት። «ትልቅ መንግሥት በጥቅሉ ነው የሚናገር።»

አዳራሹ ሳቀ። ንጉሥ ኦርጋይም መሳቅ እንዳለበት ሲገባው፣ ትንሽ ዘግይቶ ሳቀ። ትርንጎ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና ሁሉም የረሳውን ሕግ ጠቀሰች፤ አቅራቢ ከማኅተሙ በፊት በጀቱን በአውሬው ፊት በየስሙ መጥራት ይችላል። የሕጉን ዋጋም ታውቃለች፤ እዚያ «ወጪ» ተብሎ የተጠራ ነገር ከባለቤቱ ለዘላለም ይወጣል።

«በጉምራ ጫፍና በሥሩ እምላለሁ» አለች። «ሁሉንም በስሙ ሳልጠራ አልመለስም።»

ማንም አልከለከላትም። የምትመለስ አልመሰላቸውማ።

አብሯት የወጣው ሻለቃ ጎርፉ ብቻ ነው፤ በዚያ ድልድይ ከተሻገሩት አንዱ፣ ግራ እጁን እዚያው የተወ ሰው። መንገዳቸው በጭብጨባ ደን ውስጥ አለፈ። እዚያ ዛፎቹ ለመንገደኛ ያጨበጭባሉ፤ አጸፋውን በጭብጨባ የመለሰ እግሩ ሥር ይሰዳል። ብዙዎቹ ዛፎች አሁንም የመልእክተኛ ካባ እንደለበሱ ናቸው፤ ፊታቸው ላይም ደስታ ይታያል። የትርንጎ መዳፎች ሳታዝዛቸው ሲቀራረቡ ጎርፉ አንጓዋን ጨብጦ ይጎትታት ጀመር።

«አንድ እጅ አያጨበጭብም ይላሉ፣ እቴ» አለ እያዘገመ። «ተረቱ ዛሬ ገና ጠቀመኝ።»

አውሬው ተራራውን ሞልቶ ተኝቶ ነበር። ትርንጎ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ መጥራት ጀመረች፤ የዘር ጤፍ ለቆላው ሕዝብ፣ ወጪ፤ ጫማ ለጠባቂዎች፣ ወጪ፤ እንጨት ለድልድዩ፣ ወጪ። በእያንዳንዱ ስም የአውሬው ጎን ይጎድል፣ የታመቀው እህል በገደሉ ወደ ቆላው ይፈስስ ጀመር። በመጨረሻ በግ አክሎ ቀረ። ግን አልሞተም።

«አንድ ይቀርሻል» አላት። «ድልድዩ ያስከፈለው። እሱን አንቺም በስሙ አትጠሪውም።»

ጎርፉ «እኔ ልጥራው» አለ። ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች፤ ከአቅራቢ ቃል በቀር የማንም አይጸናም። ያን ስም ከቀብሩ ወዲህ ለማንም ተንፍሳው አታውቅም። ከባሏ ከዚያ ስም በቀር የቀራት ነገር አልነበረም። ይህ በግ ግን ለከርሞ በሬ ይሆናል፤ የሚያደልቡት አሉለት።

«ማንያዘዋል» አለች ቀስ ብላ። «ወጪ።»

አውሬው እንደ ጉም በነነ።

በከተማው በጅሮንድ ሸንጎል ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የራሱ እንደነበር ተናገረ፤ ንጉሡም በየስሙ በተጠራው በጀት ላይ ማኅተሙን አሳረፈ። አዳራሹ ለትርንጎ አጨበጨበ። እሷ አጸፋውን ሳትመልስ ወጣች።

የቆላው ጤፍ ሲያሸት አዲሱን ድልድይ ለማየት ሄደች። ጎርፉ ከመግቢያው አጠገብ ድንጋይ አቁሞ አንድ ቃል ቀርጾበታል።

«ማን ያዘዋል?» ብላ አነበበችው፤ ጥያቄ መሰላት። «ማንን ነው፣ ጋሼ ጎርፉ?»

ጎርፉ ፊቱን ወደ ወንዙ መለሰ። ትርንጎ ድንጋዩን በመዳፏ አበሰችው።

«ማንም አይይዘውም» አለች። ጉንጯ ረጥቦ ነበር፤ የወንዙ ርጭት መሰላት።