የአቶ ገረመው ጠባሳ

«እኚህን ሰውዬ የማውቃቸው መስሎኝ ነበር» አሉ ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ ቆሎ የሚሸጡት ሴትዮ፣ ቤቴል የሰጠቻቸውን የ«አፋልጉኝ» ወረቀት ራቅ ቀረብ እያደረጉ። «ትናንት አንድ ቤታቸው የጠፋባቸው ሽማግሌ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ግን እሳቸው አይደሉም።»

«እንዴት አወቁ፣ እማማ?»

«እኔ ያየኋቸው ግንባራቸው ላይ ይሄን የሚያህል ጠባሳ አላቸው። የእኚህ ጥርት ያለ ነው። ባይሆንማ ትናንት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሳየው ያኔውኑ እደውል ነበር።»

ቤቴል ክው አለች።

አቶ ገረመው የጓደኛዋ የሳምራዊት አያት ናቸው፤ የመርሳት በሽታ አለባቸው። ቤቴል በአካል አይታቸው አታውቅም። ማክሰኞ ጠዋት ጉርድ ሾላ ካለው ቤታቸው እንደወጡ አልተመለሱም። ዛሬ ዓርብ ነው። ወረቀቱን የሠራችው ደግሞ ቤቴል ናት። ሌላ ማን ሊሠራው! በፎቶሾፕ ክፍሉን ሁሉ ያስከነዳች ልጅ ናት። ሌላው ማውዝ ይዞ ሲንከራተት እሷ ሁሉንም በኪቦርድ ቁልፍ ነው፤ በተለይ በኤፍ ሁለት። ብጉር ማጥፋቱን፣ ፊት ማለስለሱን፣ ብርሃን መጨመሩን አንድ ላይ አድርጋ እዚያች ቁልፍ ላይ አስቀምጣዋለች። አንዴ ነካ፣ አለቀ። የስንቱን የክፍል ልጅ ብጉር ጠራርጋበታለች!

ያን ዕለት ሳምራዊት ፎቶውን ስትልክላት፣ ገና ከመክፈቷ ጣቷ ኤፍ ሁለትን ነካ። እንዲሁ በልማድ። ከዚያ ደውላ «ልዩ ምልክት ልጻፍ?» አለቻት።

«ፎቶው ላይ ይታይ የለ! ቶሎ በይልኝ በናትሽ» አለች ሳምራዊት እያለቀሰች።

ቤቴል ፎቶው ላይ ምንም ምልክት አላየችም፤ አልጠየቀችምም። በአምስት ደቂቃ ላከችላት። «አቦ ነፍስ ነሽ!» ተባለች፣ ደስም አላት። የቤቱ ሰው ስልክ ቁጥሩን ደጋግሞ አጣራ፤ የገዛ አባቱን ፊት ግን ማን ያጣራል? ሦስት መቶ ወረቀት ከኢምፔሪያል እስከ ላምበረት ተለጠፈ።

«ከዚህ ወዴት ሄዱ?» አለች ቤቴል ሴትዮዋን።

«እንጃ ልጄ። የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሲጠራ ብድግ ብለው ወደዚያ ሲያዘግሙ ነው ያየሁት። ኮት እንኳ አልደረቡም። የዚያ አገር ብርድ ደግሞ…»

ሰማዩ ጠቁሯል። ከመንገዱ ማዶ ሳምራዊት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ምሰሶ ላይ ወረቀት ትለጥፋለች።

«ቤቲ! ምን አሉሽ?»

ቤቴል ጠባሳውን ሳታነሳ «እዚህ ታይተዋል» ብትልስ? ማን ያውቅባታል? ወረቀቱ ግን በቴሌግራም ደብረ ብርሃን ሳይደርስ አይቀርም። እዚያም አንዱ ሽማግሌውን አይቶ፣ ወረቀቱን አይቶ፣ «እሳቸው አይደሉም» ብሎ ያልፋል። ወይም ትናንትና አልፏል።

መንገዱን ተሻገረች።

«ሳሚ፣ አትለጥፊው።»

«ለምን?»

ቤቴል ስልኳን አውጥታ መጀመሪያ የተላከላትን ፎቶ ከፈተች። ጠባሳው ከቅንድባቸው ተነስቶ እስከ ፀጉራቸው ይዘልቃል። ስልኩን ወረቀቱ አጠገብ ያዘችው።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች።

ሳምራዊት አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ወረቀቱን አየች። ከበስተጀርባቸው የአውቶቡስ ረዳት ይጮሃል። «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን! የሞላ!»