ለዘፈኑ የራሱ ባትሪ

ሸኩር ለቀድሞ ወዳጁ ለሌንሳ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አጫውቶላታል። ለሀጂራ ግን አንድም ቀን አስጨርሶላት አያውቅም። ይቺን ቂም ይዛ ስንት ዓመት ኖረች!

ሸኩር ጅማ ዳር፣ ቦዬ ውሃ ላይ ሰው በሞተር ጀልባ ያንሸራሽራል። ሀጂራ አወቱ መንደራ ሰፈር ሱቅ አላት። የተዋወቁትም በጀልባው ቴፕ ሰበብ ነው፤ ለሽቦው መጠቅለያ ናስትሮ ሊገዛ መጥቶ እሷን ሲያይ ቆየና ናስትሮውን ረስቶ ሄደ። ሊወስድ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ መመለሱን አልተወም።

አርብ ከሰዓት ይዟት ይወጣል። መሃል ውሃ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍቶ ዘፈን ይከፍታል። ይተያያሉ። ልክ ዘፈኑ ልብ የሚወስድበት ቦታ ሲደርስ፣ «ሀጂሬ፣ አንድ ነገር...» ይልና ቴፑን ቀጭ! ሞተሩን አስነስቶ መመለስ ነው። ያቺ አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልተነገረችም።

አንድ አርብ ሊወጡ ሲሉ ሰሚር የሚባለው ባለጀልባ ከዳር ጮኸ።

«ያ ሸኩር! ዛሬስ በመቅዘፊያ ነው የምትመለሱት? ወይስ እሱ ለሌንሳ ብቻ ነው?»

ዳር ያለው ሁሉ ሳቀ። ሀጂራ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ውሃው መሃል ደርሰው የሸኩር ጣት ወደ ቴፑ ሲሄድ ግን መታገስ አልቻለችም።

«ለሷ ባትሪው እስኪሞት ታጫውታለህ! ለኔ ሲሆን ጣትህን ይበላሃል!»

«አቦ ሀጂራ! ያኔ ሞኝ ነበርኩ። ሞተሩም ቴፑም የሚበሉት ከአንድ ባትሪ ነው። ዘፈኑ ጨረሰው፣ ሞተሩ እምቢ አለ። ስቀዝፍ መሸ። አባቷ ዳር ቆሞ ጠበቀን፤ ወዲያው አጋሮ ወስዶ ለሌላ ዳራት።»

«ናፈቀችህ?»

«ወላሂ አልናፈቀችኝም! አንቺንም እንዳላጣ ነው የማጠፋው። ብናመሽ ወንድሞችሽ ምን ይላሉ?»

መልሱ ልክ ነበር። ቅናት ግን ልክ መልስ ሰምቶ የሚተኛ በሽታ አይደለም። «እንግዲህ ዘፈኔን የምትቆርጥብኝ አሁንም ሌንሳ ናት» አለች በሆዷ።

በሚቀጥለው አርብ የሱቋን የሶላር ባትሪ ፈታች። በባጃጅ ጭና፣ እንደ ልጅ ታቅፋው መጣች።

«ማሊ? ምንድን ነው ይኼ?» አለ ሸኩር።

«ሱቄን የሚያበራው። ሌሊቱን ሙሉ አምፖል ይዞ የሚያድር ለዘፈን አይሰንፍም። የቴፑን ሽቦ ከሞተሩ ባትሪ ፍታና ከዚህ እሰር። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር።»

አሰረ።

«ለሞተሩ የራሱ፣ ለዘፈኑ የራሱ። አሁን ምን ምክንያት አለህ?»

መሃል ውሃ። ዘፈኑ እዚያ ቦታ ደረሰ። የሸኩር እጅ በልማዱ ተነሳ፤ ሀጂራ ያዘችው። አለቀቀችም። ዘፈኑ አለቀ፣ ሌላ ጀመረ።

«ሀጂሬ፣ አንድ ነገር...»

«ጨርሰው። ባትሪ አለን።»

ሸኩር ውሃውን አየ፣ እጇን አየ።

«ወንድሞችሽ ጋ ሽማግሌ ልላክ?»

«ቆየህ እኮ! ላክ እንጂ።»

ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ገና ሳይመሽ ዳር ደረሱ፤ ሰሚር ፊቱን ወደ ጀልባው አዞረ።

ሸኩር ባትሪውን ጀልባው ላይ ሊያመቻች ሲል ሀጂራ ሽቦዎቹን ነቅላ ባትሪዋን ታቀፈች።

«እዚሁ ይቀመጥ እንጂ!»

«አይቀመጥም» አለች ወደ ባጃጁ እየሄደች። «እኔ ሳልኖር ለማንም እንዳይዘፍን።»